አክተሩ የተሸነፈበት ሩጫ

ዛሬ በልጄ ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን፣ ሜዳው ላይ የተሰመረው ኖራ ሲሸተኝ አብነት ሰፈር ያሳለፍኩት ልጅነቴ መጣብኝ።

ያኔ በእኛ ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን አሸናፊው ክፍል እውነተኛ የቆዳ ኳስ ይሸለም ነበር፤ እኛ የምንጫወተው በካልሲ ኳስ ነው። የክፍላችን ሯጭ ግርማ ሁሉንም ጥሎ ሄዶ መጨረሻው መስመር ጋ ሊደርስ ሲል፣ ቪዲዮ ቤት በህንድ ፊልም እንዳየው ክንዱን ዘርግቶ፣ አንገቱን እያወዛወዘ በዝግታ መሮጥ ጀመረ። ከኋላው የነበሩት አለፉት። ኳሱም ሄደ።

«አንተ ጅል፣ ምን ሆነህ ነው?» ብለን ጮህንበት።

«አክተሩ እኮ እንዲህ እየሮጠ ነው የሚያሸንፈው!»

የስፖርት አስተማሪያችን እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ የግርማን ትከሻ ይዞ፣ «ልጄ፣ አክተሩ እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተጽፎለታል። ለአንተ ማን ጻፈልህ?» አለው።

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባንም። እኔ የገባኝ ትምህርት አቋርጬ፣ ከመጻሕፍት ጋር እየታገልኩ ራሴን ሳስተምር ነው። ድሉ አስቀድሞ ያልተጻፈለት ሰው የሚሸነፈው ሊደርስ ሲል ሲዘናጋ ነው።

ልጄ አራተኛ ወጥታ እያለከለከች መጣች። ይህንኑ ልመክራት ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ «አባዬ፣ ምክሩ ይቆየንና ውሃ ስጠኝ» አለችኝ።

እስከ መጨረሻው ሳትዘናጋ ስትሮጥ አይቻታለሁና፣ ውሃውን ብቻ ሰጠኋት።