ሦስት ረድፍ እንጨት

ያን እንጨት ያስወሰደው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ከወጣትነቴ ጀምሬ ይዤው አለሁ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ ቢቸና ትንሽ ቤቴ ውስጥ መጽሐፍ ስገልጥ እየዋልሁ እንኳ መልሱን አላገኘሁትም። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ለእኔ ዓይነት ሰው አይመችም፤ ያልገባኝን ገጽ ሳልመለስበት አላልፍም።

ሰሞኑን ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የእህቴ ልጅ ናት። መብራት ጠፍቶ ስለሰነበተ ከገበያ አንድ ባጃጅ ሙሉ ባሕር ዛፍ አስጭና መጣች። ሁለት ፍልጥ አንሥቼ አጋጨኋቸው። ድምፃቸው ድፍን አለብኝ።

"ይህ ገና ውኃ ነው፤ መልሽው" አልኋት።

"እትዬ ስመኝ ደግሞ! እንጨት እንደ ገንቦ እየተንኳኳ ይገዛል እንዴ?" ብላ ሳቀችና ለኮሰችው። ቤቱ ወዲያው በጭስ ታፈነ። እሷ ዐይኗን እያሸች ወደ ደጅ ወጣች፤ እኔ እዚያው እንደተቀመጥሁ ሞጣ ትዝ አለችኝ።

ሞጣ የሄድሁት በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ፊደል አልቆጠርሁም ነበር። አክስቴ እናንዬ ትንፋሽ እያጠራት የቤት ሥራ ስላቃታት እንዳግዛት ተላክሁ። ከቢቸና በእህል ጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምሁ በደብረ ወርቅ በኩል ወጣሁ። ወሩ ኅዳር ስለነበር መንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ ይታጨድ ነበር፤ የገለባው ሽታ ከአቧራው ጋር ልብሴ ላይ ሰንብቷል።

የአክስቴ ባል አያ ቢሻው አናጢ ናቸው። ዝምተኛ፣ እጃቸው ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ የሚሸት ሰው ነበሩ። ከቤታቸው ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ እንጨት በሦስት ረድፍ ተደርድሮ አየሁ። እንዲህ ያለ ክምር ለሠርግ ድግስ ካልሆነ በስተቀር አይቼ አላውቅም ነበርና "ማን ሊዳር ነው?" ብዬ አክስቴን ጠየቅኋት።

"እኔ ነኛ!" አለችና ስትስቅ ሳል አፈናት።

የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ሁለት ነገር አዟት ነበር፤ ብርድ እንዳይመታት፣ ጭስም እንዳይነካት። ሞጣ ላይ ክረምት ሲገባ ጉሙ በበር ዘው ብሎ ምድጃ ድረስ ይመጣል። ሳይሞቁ አይታደርም፤ እርጥብ እንጨት ያነደደ ደግሞ ቤቱን በጭስ ይሞላል። አያ ቢሻው መላ ያሉት ያን ክምር ነው። ወይራና ግራር በበጋ ይገዛሉ፤ ቅርፊቱን ይልጣሉ፤ በሽብልቅ ይፈልጡታል። ምስጥና እርጥበት እንዳያገኘው ከሥሩ ድንጋይ ይደለድላሉ፤ ነፋስ እንዲያልፍበት አንዱን ፍልጥ በአንዱ ላይ አጣልፈው ይደረድራሉ። ከላይ ቆርቆሮ ያለብሱታል፤ ጎኑን ግን ክፍት ይተዉታል። ሁለት ክረምት ያላለፈውን ወደ ቤት አያስገቡም። አንዱ ረድፍ ለዘንድሮ፣ አንዱ ለከርሞ፣ አንዱ ለከርሞ ተወዲያ ነው። ያ እንጨት ሲነድ እሳቱ ጥርት ይላል፤ አክስቴም አጠገቡ ድንች ጠብሳ እያላጠች፣ ያለ ሳል ቀኑን ሙሉ ስትጫወት ትውላለች።

አያ ቢሻው ሰው አያምኑም ነበር። በረድፎቹ ፊት ለፊት፣ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው፣ በከሰል አግድም መስመር አስምረዋል። አንድ ፍልጥ የተነካ እንደሆነ መስመሩ ይሰበራል። ማለዳ ማለዳ ከሥራ በፊት መስመሩን አይተው ይሄዳሉ።

ይህን ሁሉ ጎረቤት ያያል። ጊዜው ደግሞ አንድ ሰው ዕቃ አከማቸ ከተባለ ስሙ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ስቆም ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

"አናጢው ከእንጨቱ ሥር ምን ቀብሮ ነው በየማለዳው የሚሳለመው?"

"ጠመንጃ ነዋ!"

"ኧረ ጤፍ ነው። ሚስቱ ስትወፍር አላያችሁም?"

አክስቴ ግን አጥንቷ የወጣ ሴት ነበረች። ቢሆንም ወሬው እኔም ውስጥ ገባ። አንድ እሑድ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሦስተኛውን ረድፍ ፍልጥ በፍልጥ እያነሣሁ እስከ ድንጋዩ ድረስ አወረድሁት። ያገኘሁት አንድ እንሽላሊትና ዶሮ ተደብቃ የጣለችውን አራት እንቁላል ብቻ ነው። እየተቻኮልሁ መልሼ ደረደርሁ። መስመሩን ግን መልሼ ማገናኘት አልቻልሁም።

አያ ቢሻው ምሳ ላይ ወደ እኔም ወደ አክስቴም ሳያዩ "መስመሬ ተጣሟል" አሉ። እኔ እንጀራው ላይ አቀረቀርሁ። "ይቺ የማዶዋ ናት" አሉ ቀጥለው። የማዶዋ ማለታቸው በአጥር የምንዋሰናቸውን እትዬ የሺን ነው፤ አራት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ወሬ የማይጠሉ ሴት። አጥሩ መሐል ሁለቱ ቤቶች እሳትና ጨው የሚቀባበሉበት ቀዳዳ ነበር። በማግሥቱ አያ ቢሻው ቀዳዳውን በእሾህ ዘጉት። ያን ጊዜ ብናገር ቁጣ ብቻ ነበር የሚጠብቀኝ፤ ዝም አልሁ።

በዚያው ዓመት መሠረተ ትምህርት ገባሁ። ፊደል ዘግይቶ የመጣለት ሰው እንዴት እንደሚስገበገብ የደረሰበት ያውቀዋል። የሱቅ መጠቅለያ ሳይቀር አነብ ነበር፤ የጎደለ ነጥብ ካየሁ እንቅልፍ የለኝም። ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበረ የቀበሌው ጸሐፊ የየቤቱን ንብረት እየዞርሁ እንድመዘግብ ቅጽ ሰጠኝ። ሌሎቹ መዝጋቢዎች ጎረቤታቸው ቤት ሲደርሱ "አልጋ፣ ድስት፣ ጥቂት ማገዶ" ብለው ያልፋሉ። እኔ እንደዚያ አልሆነልኝም። የእኛ ቤት ተራ ሲደርስ፣ የጠመንጃውንም የጤፉንም ወሬ በጽሑፍ ልገድለው አሰብሁ። ቃል በቃል እንዲህ ጻፍሁ፦ "ጠመንጃም እህልም የለም። ሦስት ረድፍ የደረቀ ማገዶ ብቻ አለ። አንዱ ረድፍ ለአንድ ክረምት ይበቃል።" አራት ነጥቡን ሳሰፍር ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኔ ሳያልቅ ጋሪዎች መጡ። ጸሐፊው ከአራት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጋር ገብቶ እንጨቱ ለሚሊሺያ ማሠልጠኛው ወጥ ቤት እንደሚፈለግ ተናገረ። እጁ ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ሳይዘረጋው ኪሱ ከተተው። የእኔ ቅጽ ይሁን ሌላ፣ ዛሬም አላውቅም።

"ጓድ ቢሻው፣ ገበያ ላይ ማገዶ ጠፍቶ ለአንድ ቤት የሦስት ዓመት እንጨት?"

"ጓድ፣ ይህ የሚስቴ ትንፋሽ ነው። ዘንድሮ ቆርጬ ዘንድሮ ባነድ ትሞትብኛለች።"

"ሁሉም ሚስት አለው። አንድ ረድፍ እንተውልዎታለን።"

የተዉት ረድፍ በዚያው በጋ የተፈለጠውን፣ እርጥቡን ነው። የደረቀውን መርጠው ጫኑ፤ መምረጥ ያውቁ ነበር። አያ ቢሻው ጋሪው ከዐይን እስኪጠፋ ቆመው አዩ። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞሩ። በዚያ ሳምንት እትዬ የሺ ከጸሐፊው ጋር ደጃቸው ላይ ቆመው ሲነጋገሩ አይተዋቸው ኖሯል።

"አየሽ ስመኝ? መስመሬን ስትነካካ ቆይታ ቆጥራ ሰጠችን።"

እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን "እሳቱ እንዳይጠፋ ልየው" የሚል ነበር።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። ፍልጡን በምድጃው ዙሪያ እያቆምሁ፣ ቆጥ ላይ እየሰቀልሁ ለማድረቅ ሞከርሁ። ውኃው ከጫፉ እየተንጣጣ ይወጣል፤ ጭሱ መሬት መሬት ይሄዳል። እሳቱን ስናጠፋው ብርዱ ይገባል። አክስቴ በሁለት ትራስ ተደግፋ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ "አንቺ ልጅ፣ እንጨቱንም እኔንም አንድ ላይ ልታደርቂን ነው?" ትለኛለች። ነሐሴን አለፈች፤ ትንፋሿ ግን አልተመለሰም። በሚቀጥለው ክረምት፣ ዝናቡ ሊያባራ ጥቂት ሲቀረው ዐረፈች።

ለቅሶው ላይ እትዬ የሺ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እኛ አገር የተጣላም ቢሆን ለቅሶ ቤት አይመለስም። አያ ቢሻው ግን ከተቀመጡበት ተነሥተው በር ላይ ቆሙ።

"የገደልሻትን ልታዪ ነው?"

 እትዬ የሺ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ዞሩ። ልጆቻቸው ተከተሏቸው። እኔ ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቄ የለቀስተኛ ውኃ እቀዳ ነበር፤ ቀጠልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠፈሩ ከእትዬ የሺ ጋር ዕድር ላይ ጎን ለጎን አልተቀመጠም። አያ ቢሻውም ይህንኑ እንዳመኑ ሞቱ። እኔ ከልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጬ ትምህርቴን ጨረስሁ፤ ቢቸና ተመልሼም የትምህርት ቤት መጻሕፍት ጠባቂ ሆንሁ። ለሰው አልተናገርሁም።

የነገርሁት ባለፈው ጥር ነው። እትዬ የሺ እግራቸውን ታመው ቢቸና ልጃቸው ዘንድ መምጣታቸውን ገበያ ላይ ሰማሁ። ብርቱካን ይዤ ሄድሁ። ፀሐይ ላይ አጎዛ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። አወቁኝ። ልጃቸው ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ፣ መስመሩንም ቅጹንም ነገርኋቸው።

"ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?" አሉኝ።

ሦስቱንም ዐረፍተ ነገር በቃሌ አልሁላቸው። 

"እኔ ደግሞ በአፌ ነገርኋቸው" አሉ።

"ምን ብለው ነገሯቸው?"

"የቀበሌዎቹ መጀመሪያ እኔ ቤት ነበር የመጡት። ያለችኝን ማገዶ ሊወስዱ። ልጆቼ በምን ይሙቁ? ‘እዚያ ማዶ ክምሩን አታዩም?’ አልሁ። በጣቴ አሳየሁ።"

"ቀኑ መቼ ነበር? እኔ ቅጹን ከመስጠቴ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

"ቀኑ ምን ያደርግልሻል፣ አንቺ ልጅ? አላስታውስም።" ብርቱካኑን በጣታቸው አገላበጡት። "ቢሻው ከለቅሶው ሲመልሰኝ፣ የሚገባኝ ነው ብዬ ነው የተመለስሁት። አንቺን የጠየቀሽ ሰው ነበር?"

"ማንም።"

"እኔንም ማንም አልጠየቀኝ። ሁሉም አስቀድሞ አውቆ ጨርሶ ነበር።"

እኔ ቀኑን እያሰላሁ ነበር። ዛሬም አሰላለሁ፤ አይገጥምልኝም። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው እንደገና ለበሱት።

"ለእናንዬ ሳላለቅስላት ቀረሁ" አሉ። "ነይ ጠጋ በይ።"

ልጃቸው ከጓዳ ደንግጣ ስትወጣ፣ ሁለታችንም በጠራራ ፀሐይ ለቅሶ ተቀምጠን አገኘችን።