ጠጣር አካል በገና ሜዳ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔም አልረሳሁም። ደብረ ማርቆስ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ክፍል ኃላፊያችን በተማሪዎቼ ፊት አዋርዶኛል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ ነው፤ አንቱታዬን አልሰጠውም።

ነገሩ የተነሳው በግጭት ትምህርት ነው። ፈጽሞ የማይጨመቁ ሁለት ጠጣር ኳሶች ተጋጭተው ሲመለሱ እያሰላን ሳለ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ካልተጨመቁ ቆመው እስኪመለሱ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል ስትል ጠየቀች። ደስ አለኝ። ጊዜው ዜሮ ይሆናል፣ ኃይሉም ልክ ያጣል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ አካል በዓለም ላይ የለም፣ ለስሌት እንዲመቸን ያሰብነው ነው አልኳት። ኃላፊው ሊገመግመኝ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ብድግ አለና፣ "ይህን እንዳትጽፉ፤ መምህራችሁ አያውቅም። ጠጣር አካል ከሌለ ደጅ ያለው ድንጋይ ምንድን ነው?" አላቸው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ድንጋይም እኮ ይጨመቃል፣ ለዓይን ባይታይም! ለማን ልንገር? ብዙም ሳይቆይ ክፍሌን ነጥቆ ራሱ ያዘው። የቀሩልኝ ተማሪዎችም የሠራሁላቸውን ጥያቄ ሁሉ ወስደው ትክክል ነው ወይ ይሉት ጀመር። ቆሽቴ አረረ። ዳይሬክተሩ ዘንድ ብሄድ ምቀኛ እባላለሁ። ዝም ብዬ ገናን ጠበቅኩ።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። በዚያ ቀን ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ የሚያሳድድ ሁሉ እኩል ነው። ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ ተሰዳቢው ደግሞ መሳቅ አለበት። እኛ መምህራን ለሁለት ተከፍለን ስንጫወት ተማሪው ሜዳውን ከቦ ያያል። ያ ጉደኛ ሹመቱን ይዞ የገባ መስሎት ሩሯ ፊት ተገትሮ ቆመ፤ ማን ይነካኛል ብሎ ነው። እኔ ቀጭን ነኝ፣ እሱ ወፍራም። ሞመንተም ግን በክብደት ብቻ አይመጣም፤ ፍጥነትም አለበት። ከሩቅ ተንደርድሬ ሩሯን እየተከተልኩ ትከሻዬን ደረቱ ላይ አሳረፍኩት። ሁለታችንም ወደቅን። የኔ ከንፈር ደማ፣ የእሱ ትንፋሽ ጠፋ፤ ጓደኞቼ ሩሯን እየመቱ ወሰዷት፣ አሸነፍን።

አፌን በእጅጌዬ ጠረግኩና ስድቤን አወረድኩት፦

የማይጨመቅ አካል አለ ያለን ጌታ፣
በትከሻ ቢነኩት ተጨምቆ ተረታ።

ሜዳው ሙሉ ተቀበለኝ። ያቺ ጠያቂዋ ልጅ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱም ደረቱን ይዞ ሳቀ፤ ምን ያድርግ፣ ወጉ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ክፍሌን አልመለሰልኝም። ግጥሟ ግን ክፍል ድረስ ተከትላው ገባች፤ ግጭት የሚለውን ቃል ባነሳ ቁጥር ከኋላ አንዱ ያንጎራጉራታል። በመጨረሻ ቢሮው አስጠራኝና በሩን ዘጋ። ፊቱ ከስቷል።

"ተሳስቼም ከነበረ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለብቻዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በልጆቹ ፊት ነው የገደልከኝ።"

"እርስዎስ እኔን የት ነው የገደሉኝ?" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። አላዘንኩለትም።