ግንባር ላይ የማይጣበቅ ብር

ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ «ይህን ሁሉ ዘመን ቶሮንቶ ኖሬ ውቅያኖሱን ሳላየው ልሞት ነው» እያሉ ሲነዘንዙኝ፣ ቫኬሽን ወስጄ ኖቫ ስኮሺያ ድረስ ነዳሁላቸው።

የባሕሩን ዳር ይዘን ስንሄድ ምሳ ልንበላ አንዲት ፐብ ገባን። አንድ ወፍራም ሽማግሌ ቫዮሊን ይጫወታል። የጋሽ ታደሰ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ ኪሳቸውን ሲዳብሱ አየሁና ደነገጥኩ።

«ይተዉ ጋሼ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም!»

«ዝም በል! እንዲህ አጫውቶኝማ ሳልሸልመው አልወጣም!»

ሃያ ዶላር ምራቅ አስነክተው ሰውዬው ግንባር ላይ ለጠፉ። የካናዳ ብር ፕላስቲክ አይደል? ተንሸራቶ ወደቀ። አንስተው ደገሙት፤ አሁንም ወደቀ። በመጨረሻ በአውራ ጣታቸው ግንባሩ ላይ ተጭነውት ቆሙ። የቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውዬው ግን እንደተያዘ ሙዚቃውን ጨረሰ።

መኪና ውስጥ «ሁለተኛ አይለጥፉም» ብዬ በገብርኤል አስማልኳቸው።

አመሻሹ ላይ ራቅ ብላ ባለች መንደር ሌላ ፐብ ገባን። ቫዮሊን የምትጫወተው ሴት ገና በሩ ላይ ስታየን መጫወቷን አቆመች። ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ ሰበሰበችና ለጋሽ ታደሰ የማጣበቂያ ፕላስተር አቀበለቻቸው።