ሦስት የተበላሹ ካሴቶችና አንድ ንጹሕ

በአንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አራት ካሴቶች አሉኝ። ሦስቱ ላይ «የተበላሸ»፣ አንዱ ላይ ደግሞ «ንጹሕ» ብዬ በቀይ እስክርቢቶ ጽፌባቸዋለሁ። የጻፍኩት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው፤ በዚያ ዕድሜዬ ስለ ብዙ ነገር እርግጠኛ ነበርኩ።

ያኔ ቀበና፣ ወንዙ አፋፍ ላይ በነበረው ሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የጋሼ ወርቅነህ ቤት። ጋሼ ወርቅነህ በወጣትነታቸው ፈረንጆች ዘንድ የመለዋወጫ መጋዘን ጠባቂ ሆነው ሠርተዋል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ያውቃሉ ይባላል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጫማችንን በራቸው ላይ አውልቀን ወለሉ ላይ እንደረደራለን። ትልልቆቹ ወንበር ይይዛሉ። ቴሌቪዥኑ ሲሞቅ ቤቱ አቧራ አቧራ ይሸታል። አንቴናው ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ ስለነበር፣ ከእንጦጦ ነፋስ በወረደ ቁጥር የፊልሙ ሰዎች ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ፤ ያኔ ከመካከላችን አንዱ ወጥቶ እንጨቱን አቅፎ ይቆማል።

ፊልሙ ጠፈር ላይ መንገድ የጠፋባትን አንዲት መርከብ የሚከተል ተከታታይ ነበር። ሌላው ሰው መርከቧን ያያል፤ እኔ ሙዚቃዋን እሰማለሁ። መርከቧ ብቻዋን ጨለማው ውስጥ ስትሄድ የሚመጣ፣ ከምን መሣሪያ እንደሚወጣ የማላውቀው ቀጭን ድምፅ ነበረው። ሬዲዮ ላይም፣ ሠርግ ቤትም ሰምቼው አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማሁት ቀን ወዲያ ሥራዬ እሱን መሰብሰብ ሆነ። የአባቴን ቴፕ ይዤ እሄዳለሁ። አሮጌ ካሴት ዳግም እንዲቀዳበት አናቱ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ወትፌ፣ ቴፑን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠግቼ፣ ሙዚቃው ሲጀምር ሁለቱን የመቅጃ ቁልፎች አንድ ላይ እጫናለሁ። የመነሻው፣ የአደጋው፣ የብቸኝነቱ፣ የመዝጊያው እያልኩ ደብተር ላይ መዝግቤያቸው ነበር።

ችግሩ ጋሼ ወርቅነህ ይተረጉማሉ። ጨዋ ሰው ስለሆኑ ተዋንያኑ ሲናገሩ አያቋርጧቸውም፤ አዳምጠው አዳምጠው፣ ሙዚቃው ሲመጣ እሳቸውም ይጀምራሉ። እንግዲህ የቀዳሁት ሙዚቃ ሁሉ ላይ የሳቸው ድምፅ አለ። «ካፒቴኑ ወላጆቹ ሳይመርቁት ነው የወጣው፤ መንገዱ የጠፋው ለዚህ ነው» ይላሉ። «ይሄ ብረት ለባሹ የክርስትና አባቱ ነው። አሁን ሊገሥጸው ነው።» ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ደረታቸውን ይዘው «እናቱስ? እናቱ እየጠበቀችው ነው?» ሲሉ፣ ጋሼ «ደጅ ደጁን ስታይ ነው የምትውለው» ይሏቸዋል። እማማ ጥሩነሽ ያለቅሳሉ። የእማማ ጥሩነሽ መናፈጥም ካሴቱ ላይ አለ።

ፊልሙ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚያበቃ በተነገረ ጊዜ እንቅልፍ አጣሁ። አንድም ንጹሕ ሙዚቃ አልነበረኝም፤ የቀረኝም አንድ ቀን ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ደግሞ ዝም በል አይባልም። ሳምንቱን ሙሉ ነገሩን በጨዋ ቋንቋ ሳሰናዳ ከርሜ፣ ቅዳሜ ጧት ጋሼ የአንቴናውን ገመድ ሲያጠብቁ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንዳይደክሙ ብዬ ነው» አልኳቸው። «ባይተረጉሙልንም ግድ የለም። እንግሊዝኛው እኮ አሁን እኔም ይገባኛል።»

የመጨረሻዋን የጨመርኩት ለማሳመር ነው። እውነት አልነበረችም፤ ከምሰማው አሥር ቃል አንዱ ቢገባኝ ነው። ጋሼ ገመዱን እንደያዙ ጥቂት አዩኝና «እሺ፣ የኔ ልጅ» አሉ።

የዚያን ቀን አንድም ቃል አልተናገሩም። ሰው ሁሉ ፊት ፊታቸውን ቢያይም እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔ የካሴቱን መሽከርከር ነበር የማየው። የመዝጊያው ሙዚቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ተቀዳልኝ። ቴፑን ሳጠፋ ጋሼ ወደ እማማ ጥሩነሽ ዞረው፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ «እሷን ይጠይቋት፤ የተማረች እሷ ናት» አሉ። እኔም አላውቅም ለማለት አፍሬ ቴፔን አንስቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ፊልም ሁሉ ዝም ብለው አዩት። እማማ ጥሩነሽ መምጣቱን ተዉ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ። የጋሼን ነገር የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እሳቸው አርፈው ድንኳኑ ውስጥ ስንቀመጥ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ፣ ሳቅም ለቅሶም በቀላቀለው ድምፅ፣ «እንግሊዝኛው የት ይገባው ነበር ብለሽ ነው!» አሉኝ። «ከራሱ እየፈጠረ ነበር የሚያወራው። አንቺ ይገባኛል ስትዪው፣ ልጅቱ አወቀችብኝ ብሎ አፈረ።» ያን ያልኩት ለሙዚቃው ስል ነበር ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ባለፈው፣ መገናኛ መንገድ ተዘግቶ ቆመን ሳለ፣ ለልጄ ስለዚያ ሙዚቃ ነገርኳት። ታክሲው ሳይንቀሳቀስ ስልኳ ላይ አገኘችው። ሁሉም አለ፣ የኔ ዝርዝር ላይ ያልነበሩት ጭምር። ጥራቱ የሚያስቀና ነው። ሁለት ምሽት አዳመጥኩትና ተውኩት። ፊልሙንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። ካፒቴኑ ስለ እናቱ አንድም ጊዜ አይናገርም። ብረት ለባሹ ማሽን ነው። ሲጨቃጨቁ የነበረው ስለ ነዳጅ ነው፤ መጨረሻ ላይም የትም ሳይደርሱ ያልቃል። እኔ እንደሆንኩ አላመንኩትም።

ቴፕ የሚሠራ ሲገኝ የማዳምጠው የተበላሹትን ሦስቱን ነው። ጋሼ ወርቅነህ እዚያ ውስጥ ዛሬም ይተርካሉ፣ ካፒቴኑም ወደ እናቱ እየቀረበ ነው። ንጹሑን ካሴት በቅርቡ አንድ ጊዜ ብቻ ከፈትኩት። ሙዚቃው እስኪያልቅ የሰው ድምፅ የለበትም። ካለቀ በኋላ የእማማ ጥሩነሽ ድምፅ «ታዲያ ወርቅነህ፣ እናቱን አገኛት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ እኔ ቁልፉን ሳጠፋ ቀጭ ይላል።