ፈገግ ያለው ፎቶ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... ከሶዶ ገበያ ቅቤና ጎመን ገዝቼ ባጃጅ ልይዝ አስፋልት ዳር ቆሜያለሁ። አንድ ነጭ መኪና ዙሪያውን በአበባ አሸብርቆ ቀስ እያለ መጣ። ሙሽራ መስሎኝ አንገቴን አስግጌ አየሁ።

ሙሽራ አይደለም። እነዚህ አዲሶቹ፣ ቀብሩን «የሕይወት በዓል» አድርገው የሚያዘጋጁ የዲኮር ቤት ሰዎች መኪና ነው። ከኋላ የሬሳ ሣጥን ተጭኗል። ከፊት በትልቁ የታተመ ፎቶ ተለጥፏል... ወንድሜ ጳውሎስ! ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይስቃል። ከሥሩ «አባባ፣ ሩጫህን በድል ጨርሰሃል» ይላል። ስም የለውም። ስም ምን ያደርግልኛል? የወንድሜን ፊት ልስተው ነው?

ዘንቢሉ ከእጄ ወደቀ።

ጳውሎስ ታላቄ ነው፣ የሚኖረው ጉኑኖ ነው። ሐሙስ ዕለት ደውሎ «ደረቴን ይወጋኛል» ሲለኝ ምን አልኩት መሰላችሁ? «ጨጓራህ ነው፣ ተልባ ጠጣ!» እኔ እኮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሐኪም ነኝ!

ደወልኩለት... ዝግ ነው። ሚስቱ አልማዝ ጋ ደወልኩ። አነሳች፤ ድምጿ ጎርነን ብሏል፣ ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«አልማዝ፣ ጳውሎስ የታለ?»

«እዚሁ... ሰው ጋ ነው።»

«አገናኚኛ!»

«አሁን አይመችም... አስቴርዬ፣ ቁርስ በልተሻል?»

በቃ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በባዶ ሆድም አይነገርም። በሰላሙ ቀንማ ስለ ቁርሴ ማን ይጨነቃል?

«በእግዚአብሔር ይሁንብሽ፣ ንገሪኝ!»

«ምንም የለም። ዝም ብለሽ ነይ። ብቻሽን ግን አትምጪ።» ዘጋችው።

ብቻዬን ሄድኩ፤ ማንን ልጠብቅ? የጉኑኖ ሚኒባስ ውስጥ እትዬ ድንቅነሽ፣ የጳውሎስ ጎረቤት፣ ቁጭ ብላለች። እኔን ስታይ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችው።

«እትዬ፣ ቀዬው ሰላም ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን...» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትንሽ ቆይታ ሙዝ ልጣ ሰጠችኝ። «ቅመሽ፣ ልጄ።»

ያንን ሙዝ እንዴት እንደዋጥኩት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ሹፌሩ ደግሞ በየመንገዱ እየቆመ ዶሮ የያዘውንም ጆንያ የተሸከመውንም ይጭናል። ልጮህበት አፌን እከፍትና... ከጮህኩ እውነት የሚሆንብኝ ይመስለኛል። መልሼ እዘጋዋለሁ። ተልባ ጠጣ... ተልባ ጠጣ... ጆሮዬ ላይ የራሴ ድምፅ ብቻ!

ጉኑኖ፣ ቀዬው ለቅሶ የሚቀመጥበት ሜዳ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ወንበሩ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ ፊኛ ተንጠልጥሏል። ነጭ ሱፍ የለበሰ መድረክ መሪ ማይክ ይዞ ይለምናል፤ «ወገኖቼ፣ ዛሬ ለቅሶ የለም! የአባባን ሕይወት ነው የምናከብረው! እስቲ እልል በሉ!»

ማን ሊልለት? ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቃሉ። የዕድሩ ሽማግሌዎች የታደላቸውን ፊኛ የሰው ሕፃን እንደያዘ ሰው ከራሳቸው አርቀው ይዘዋል።

ሰውን እየገፋሁ ወደ ሣጥኑ ሄድኩ። «ታ ኢሻው! ወንድሜ!» ልል አየር ሳብኩ... ከሣጥኑ አጠገብ፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ፣ ጳውሎስ ቆሟል። በሁለት እግሩ!

«እልልልልልልል!»

እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እልልታው ራሱ ነው የወጣው። ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ለቅሶው ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ እኔን ያያል። መድረክ መሪው ብቻ ነፍሱ ገባችለት፤ «እንዲህ ነው! እህታችንን ተከተሏት!»

ጳውሎስ አፌን በመዳፉ ዘጋው። «ምን ነካሽ? አብደሻል?»

«አልሞትክም! ፎቶህን መኪና ላይ አይቼ...»

«አስቴር... የሞተው ዳልኬ ነው።»

ዳልኬ። የጎረቤት ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞት እናታችን ወስዳ ከእኛ ጋር ያሳደገችው። የጳውሎስ እኩያ፣ ለእኔም ሁለተኛ ወንድሜ። ልጅ ሆኜ ወንዙ ሲሞላ በጀርባው አዝሎ ያሻገረኝ ዳልኬ። አልማዝ በስልክ የደበቀችኝ፣ እትዬ ድንቅነሽም ሙዝ ያጎረሰችኝ ለእሱ መርዶ ኖሯል።

ፎቶውስ? አዲስ አበባ ያሉት ልጆቹ ናቸው ለዲኮር ቤቱ በቴሌግራም የላኩት። ዳልኬና ጳውሎስ ሰርግ ላይ አብረው የተነሱት ነው። «በዓል ስለሆነ ፈገግ ያለው ይሁንልን» ብለው ጻፉ። ዳልኬ ደግሞ ነፍሱን ይማርና፣ ካሜራ ፊት ሲቆም ሁልጊዜ መታወቂያ የሚያወጣ ነው የሚመስለው። የዲኮር ቤቱ ሰው ከሁለቱ የሚስቀውን ቆርጦ አተመው! ጳውሎስ የገዛ ፊቱን ከሣጥን ጋር ሲመጣ ሲያይ ልቡ ልትቆም ነበር። ከመኪናው ላይ ገንጥሎ የጣለው ራሱ ነው። (ደረቱን ሰኞ ሐኪም አይቶለታል፤ ደህና ነው። ተልባ ግን አላዘዘለትም።)

አሁን ግን የዳልኬ ሚስት ማርታ እያየችኝ ነው። እልል ያልኩት ባሏ ሣጥን ላይ ነው... መሬቱ ቢከፈት እገባለሁ። ሄጄ ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ።

«ማርታዬ፣ ይቅር በይኝ። ፎቶውን አይቼ እኮ ነው...»

ራሴን ዳበስ አደረገችኝ።

«እኔም አይቼዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «መኪናው ሲመጣ የጳውሎስን ፊት አየሁና... ለአንድ አፍታ የእኔው ሰው የዳነ መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ ማይክም ፊኛም አላስቆመንም፤ ሁለታችንም ተቃቅፈን ዳልኬን እንደ ወጉ አለቀስነው።

እኔ ግን አልዋሽም... በየመሃሉ ነጠላዬን ገለጥ እያደረግሁ ጳውሎስ መቆሙን አይ ነበር።