የሴቲሚዮ ሲሚንቶ

ሴቲሚዮ ግንበኛ ነው፤ አባቱም አያቱም ግንበኞች ነበሩ። በእኛ በኡምብሪያ ተራሮች ላይ ባለው የቤኔዲክቲን ገዳም የአባቶቹ እጅ ያልነካው ግድግዳ የለም። ይህን ለመናገር ደግሞ ጠያቂ አይጠብቅም። አርባ ዓመት አብሬው ስለሠራሁ ጉራውን በቃሌ ነው የማውቀው።

በሰፈራችን ግንበኛ ወንድ ልጅ ሲወለድለት ጉድጓድ ቆፍሮ ኖራ በውሃ ይዘፈዝፋል። ልጁ ለሥራ ሲደርስ ኖራው እንደ ቅቤ ለስልሶ ይጠብቀዋል። የሴቲሚዮ አባት ኔሎም እንዲሁ አድርገው ነበር። ሴቲሚዮ በሃያ ስድስት ዓመቱ የውስጠኛውን ግቢ አሥራ ሁለት ባለቅርጽ አምዶች እንዲጠግን መነኮሳቱ ሲያዙት ግን ሲሚንቶ ጭኖ መጣ። ቶሎ ይደርቃላ!

«ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ ገር ነው» አሉ ኔሎ። «ውሃ ይጠጣል፣ መልሶ ይተነፍሰዋል። በሲሚንቶ ከደፈንከው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል።»

«አንተ ደግሞ አባዬ! ድንጋይ አስም ይዞታል እንዴ?»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምነው ያኔ አፌን በያዝኩ! ኔሎ ኮፍያቸውን ደፍተው ሄዱ፤ እስኪሞቱም ነገሩን ዳግመኛ አላነሱትም።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ አምዶቹ ይረግፉ ጀመር። የቅርስ ጠጋኟ ኦርኔላ ከከተማ መጥታ ሲሚንቶው በሙሉ ይነሳ አለች።

«የቆየ ኖራ ያለው ሰው ይኖራል?»

«እኔ ነበረኝ» አለ ሴቲሚዮ። «ጉድጓዱን ደፍኜ ጋራዥ ሠራሁበት።»

ሲሚንቶውን እኔው ካላነሳሁት ብሎም አስቸገረ። «የት ጋ እንደሚሳሳ እጄ ያውቀዋል፤ አድናቸዋለሁ» አላት። ኦርኔላ እያመነታች አንዱን ፈቀደችለት፤ ወይን የተሸከመች ሴት የተቀረጸችበትን። ስምንት መቶ ዓመት ፊቷ ሳይጎድል ኖራለች። ሴቲሚዮ መሮውን በቀስታ እየመታ ረፋዱን ሙሉ ሠራ። ከዚያ ሲሚንቶው በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ፊቷም አብሮ ወደቀ። ከኋላው የቀረው ዱቄት ነው።

አበምኔቱ ትከሻውን ያዙት። «አይዞህ፣ ያኔ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚሠራው።»

«ሁሉም አይደለም አባ። አባዬ ነግሮኝ ነበር።»

መሮውን ለኦርኔላ ሰጣት። «የቀሩትን አንቺ ሥሪ። ይህችን እጄ ሁለቴ ገደላት።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የሚያስቀድሰው ገዳሙን ትቶ ማዶ መንደር ሄዶ ነው።