ለወንድሜ የተሰፋው ባለመስመር ሸሚዝ

ታላቅ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት ያለችውን አንድ ሸሚዝና ሱሪ ለብሶ ነው የሄደው። ዓመት ቆይቶ ከግንባር ደብዳቤ ላከ፤ ለእናታችን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ለፋሲካ ፈቃድ ይሰጡኛል፣ ባለመስመር ሸሚዝ አሰፉልኝ፣ የኮሌታው ጫፍና ጫፍ በቁልፍ የሚያዝ ይሁን ይላል። ጥይት መሀል ተቀምጦ የኮሌታ ቁልፍ ያምረዋል እንዴ ብዬ ተናደድኩ። እናቴ ግን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

ዳንግላ ገበያ ወጣን። ነጋዴው ሁለት ጣቃ አወረደልን፤ አንዱ ቡናማ መስመር፣ አንዱ ሰማያዊ። እናቴ እድፍ ይችላል ብላ ቡናማውን ያዘች። እሱ የሚወደው ሰማያዊውን ነው አልኳት። ሰው ፊት በአገውኛ ሰድባኝ ስታበቃ ሰማያዊውን አስቆረጠች።

ልብስ ሰፊው ልኩን የወሰደው በእኔ ነው፤ በሌላ በማን ይውሰድ? እናቴ አጠገቤ ቆማ ታርመዋለች።

"ትከሻው ላይ ሁለት ጣት ጨምርበት፣ የሱ ሰፋ ይላል። እጅጌውንም አስረዝመው።"

ለካ እኔ በሁሉም በኩል የማንስ ነኝ።

"እናቴ፣ ኮሌታ ላይ ቁልፍ ምን ሊያደርግልዎ ነው? ኮሌታው እንደሆነ በርሮ አይሄድ" አለ ሰፊው።

"ልጄ ያለውን ስፋ" አለችው። ቁልፎቹንም ከጣሳው ውስጥ አንድ በአንድ ለቅማ ራሷ መረጠች።

ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። ሸሚዙ እንደተተኮሰ ሳጥን ውስጥ ከረመ። መስከረም ላይ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ በራችንን አንኳኩ፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም።

አስከሬን የለም። እኛ ዘንድ አስከሬን ከሌለ የሟቹ ልብስ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይለቀስበታል። ለቅሶው ለእሁድ ተቀጠረ። እናቴ ሳጥኑን ከፈተች፤ ከአዲሱ ሸሚዝ በቀር የሱ የሚባል አንዲት ክር የለም። አውጥታ አሸተተችው። ከዚያ ወደኔ ዘረጋችው።

"ልበሰው።"

"የሱ ነው እኮ።"

"የሱ እንዲሆን ነው። ሰው ያልነካው ጨርቅ ይዤ ለማን ላልቅስ?"

ሁለት ቀን ሙሉ ለለቅሶው የሚሆን ባሕር ዛፍ ስፈልጥ ዋልኩ፤ ሸሚዙ ሰፍቶኝ፣ እጅጌው መዳፌ ላይ እየወረደ። ላብ ጀርባዬ ላይ አጣበቀው። አልዋሽም፣ ፈራሁ። የሙት ልብስ በቁሜ ለብሼ ነበር።

እሁድ ሸሚዙ አልጋ ላይ ተዘረጋ። እናቴ ብብቱ ውስጥ ፊቷን ቀበረች።

"ይኸው የልጄ ጠረን" አለች።

ያለበሰችኝ ራሷ ናት። ግን አየኋት፣ የምሯን ነበር። አንስታ ለአክስቴ ሰጠቻት፣ አክስቴ ለጎረቤት፤ እያሸተቱ፣ "እውነት ነው፣ እሱ ነው" እያሉ ያለቅሳሉ። ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። እናቴ ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም። አሸተትኩት።

"እሱ ነው" አልኩ።